ሌሊቱን ሲያክ የሚያድር ልጅ፦ ችፌ ምንድነው? ምንስ እናድርግ?

የጥቅምት ብርድ ሲገባ አየር ጤናም ሆነ አጠና ተራ ያው ነው። ቀን ፀሐይና አቧራ፣ ማታ ደረቅ ብርድ። ብዙ ሕፃናት ጉንጫቸው፣ የክርናቸውና የጉልበታቸው እጥፋት እየሻከረ ሲያኩ የሚያድሩት በዚህ ወቅት ነው። ልጁ አይተኛ፣ እናትም አትተኛ። ጎረቤት ደግሞ «ልጆቻችን ላይ እንዳይጋባ» ማለት ይጀምራል።

ከዚህ እንነሳ፦ ችፌ፣ ማለትም ኤክዜማ፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የንጽህና ጉድለትም አይደለም።

ታዲያ ምንድነው? ቆዳችን እንደ አጥር ነው፤ እርጥበት ይይዛል፣ የሚያስቆጣውን ነገር ያግዳል። ችፌ ያለበት ልጅ አጥሩ የሳሳ ነው። አስም ወይም አለርጂ ባለበት ቤተሰብ በብዛት ይታያል። ቆዳው ይደርቃል፣ ያሳክካል፤ ሲታከክ አጥሩ ይብስ ይፈርሳል።

ስልካችን ላይ ስንፈልግ «ቀይ ሽፍታ» የሚል ይመጣል። በጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ግን ቡናማ፣ ግራጫ ወይም ወይን ጠጅ ሊመስል ይችላል።

ከእከክ ጋርም አናምታታው። እከክ ይተላለፋል፤ ብዙ ጊዜ የቤቱን ሰው ሁሉ ያሳክካል፣ በጣቶች መሃል ይወጣል። መድኃኒቱም ሌላ ነው።

ቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

👉 ገላውን ለብ ባለ ውሃ፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ብቻ። የልብስ ሳሙና ለገላ አይሁን።

👉 በፎጣ ሳትፈትጉ አድርቁት፤ እርጥበቱ ሳይጠፋ ወዲያው ሽታ የሌለው ቫዝሊን ቀቡት። ቆዳው ደህና ቢመስልም በቀን 2 ጊዜ ይቀጥል።

👉 ጥፍሩን አሳጥሩ። ከሹራብ ስር ጥጥ ልብስ ይልበስ።

👉 ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ አትቀቡ። የቆሰለ ቆዳ ያቃጥላሉ።

ሐኪም ስቴሮይድ ያለበት ቅባት፣ ለምሳሌ ሃይድሮኮርቲዞን፣ ሊያዝ ይችላል። በታዘዘው ልክ ከተቀባ ይረዳል፤ ፈርቶ በ2 ቀን ማቆም አያዋጣም። ግን ፊት ለማቅላት የሚሸጡትን እንደ ክሎቤታሶል ያሉ ጠንካራ ቅባቶች ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ልጅ ላይ መቀባት አደጋ አለው። ቆዳ ያሳሳሉ። በሽታው ጭርት ወይም እከክ ከሆነም ምልክቱን ይደብቁታል።

የት እንሂድ? መጀመሪያ ቅርባችን ያለው ጤና ጣቢያ። ከዚያ ካለፈ ደግሞ የቆዳ ሕክምና የሚሰጠው አለርት ሆስፒታል እዚሁ ኮልፌ ቀራኒዮ፣ ዘነበወርቅ ነው። በ1965 እ.ኤ.አ. ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና ስለተቋቋመ ዛሬም ስሙን ሰምቶ «ሰው ምን ይለኛል» ብሎ የሚያመነታ አለ። ልጅን ማሳከም ምኑ ያሳፍራል?

‼️ ቆዳው መግል ወይም ቢጫ ቅርፊት ከያዘ፣ ልጁ ካተኮሰው፣ ወይም ውሃ የቋጠሩ የሚያሙ ቁስሎች ተሰብስበው ከወጡ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም።

ችፌ በአንድ ቅባት ተነቅሎ አይጠፋም፤ ይመለሳል። ብዙ ልጆች ግን ሲያድጉ ይቀልላቸዋል። እስከዚያው መላው የየቀን እንክብካቤ ነው። ቤታችሁ የሚያክ ታናሽ ካለ፣ ዛሬ ማታ ከገላ በኋላ ቫዝሊኑን እናንተ ቀቡትና እናታችሁን አሳርፏት።