ያገለገለ ጎማ ከነቸርኬው፦ በፍሬ ሳይሆን በሚሊሜትር ይገዛ

ዛሬ የሰሊጥም የቡናም ዋጋ ይዤ አልመጣሁም። የማወራችሁ ሰሊጡንም ገብሱንም ተሸክሞ ስለሚሄደው ነገር ነው፤ ስለ ጎማ። በተለይ ጎንደር ውስጥ ከነቸርኬው ስለሚሸጠው ያገለገለ ጎማ፣ ከእሱም መሀል ከበረዶ አገር ስለመጣው። «ደላላንና ጎማን ምን አገናኛቸው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔን ያገናኘኝ ኪሳራ ነው።

የኔ ነገር

ኅዳር 2015 ነው፤ የሰሊጥ ወቅት። ገንዳ ውሃ ላይ ጥሩ ሰሊጥ አለ ተብሎ፣ ናሙናውን አይቼ ለአንድ ላኪ ቃል ልሰጥ እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ቀጠሮ ይዣለሁ። የምንሄድበት ሂሉክስ ፒክአፕ ጎማው አልቆ ስለነበር ከሳምንት በፊት ጎንደር ውስጥ ሦስት ያገለገሉ ጎማዎች ከነቸርኬያቸው ገዝቻለሁ። ጎማው ሲታይ ያምራል። ጥርሱ ጥልቅ ነው፣ ጎኑ ጥቁር ብሎ ያብረቀርቃል። ሻጩ «የ12 ጎማ ነው ወንድሜ፣ ገና ልጅ ነው» አለኝ። እውነትም ጎኑ ላይ 3812 የሚል ቁጥር አለ። በልቤ «2012፤ ሦስት ዓመቱ ነው» አልኩና ከፈልኩ።

ሁለቱን ጎማ በራሴ ቸርኬ ላይ አስገጠምኩ። ሦስተኛውን ከነቸርኬው ለስኮርታ አስቀመጥኩት። ቡሎን ቀዳዳው 6 ነው፣ የኔም 6 ነው፤ መኪናው ላይ ግን አልሞከርኩትም።

ከጎንደር በ2 ሰዓት ወጣን። አይከልን አልፈን፣ ነጋዴ ባህርን አልፈን ወደ ቆላው ስንወርድ ሙቀቱ መጣ። 5 ሰዓት ገደማ የኋላው ጎማ ጥርስ ያለበት ንጣፍ እንዳለ ተላጦ ወጣ። መኪናው ዳር ይዞ ቆመ፤ እግዚአብሔር ይመስገን ሰው አልተጎዳም። ክሪክ አስገብተን ስኮርታውን ስናመጣ ቡሎኑ ልክ ሆኖ የመሀል ቀዳዳው ጠበበ። አልገባም አለ። አንድ የአይሱዙ ሾፌር ቆሞ አየንና «ልጄ፣ ይሄ የሌላ መኪና ቸርኬ ነው፤ ብትቀጠቅጠውም አይገባልህም» አለኝ።

ገንዳ ውሃ የደረስነው ሲመሽ ነው። ሰሊጡ ለሌላ ተሸጧል። ላኪውም «ቃልህን መጠበቅ ካልቻልክ» ብሎ የዚያን ዓመት ሥራውን ለሌላ ሰጠ። ጎማ ላይ ያተረፍኳት ጥቂት ሺህ ብር ስንት እንዳወጣችብኝ አስቡት።

ስመለስ የተላጠውን ጎማ ይዤ አዘዞ አንድ ጎሚስታ ጋ ሄድኩ። ሽማግሌ ናቸው። ጎኑን በጣታቸው ጠረግ አድርገው ሳቁ። «ልጄ፣ ይሄ የበረዶ ጎማ ነው። 12 ያለህ ደግሞ የፈረንጅ 12 ነው» አሉኝ። እኔ ዲፕሎማ አለኝ፤ እሳቸው ግን ጎማውን አነበቡት።

ቁጥሩ እንዴት ይነበባል?

ጎኑ ላይ ዲ ኦ ቲ ከሚሉት ፊደሎች ቀጥሎ ከሚመጣው ጽሑፍ የመጨረሻዎቹን አራት ቁጥሮች ፈልጉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱ፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱ ናቸው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር። 3812 ማለት በ2012 እ.ኤ.አ. በ38ኛው ሳምንት ተመረተ ማለት ነው፤ በእኛ መስከረም 2005። እኔ የሦስት ዓመት ነው ያልኩት ጎማ አሥር ዓመት ሞልቶታል። ይህች የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት በኛ ገበያ ላይ ብዙ ሰው አታላለች፤ አንዳንዱ ሻጭም ሳያውቅ ነው የሚናገረው። የአምራቾቹ ምክር ጎማ ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ እንዲመረመር፣ አሥር ዓመት ሲሞላው ጥርስ ቢኖረውም እንዲጣል ነው። ጎማ ቆሞም ያረጃል። መንገድ ሲዘጋ ወራት ሙሉ የቆመ መኪና ጎማውን የበላው ፀሐይ ነው።

የበረዶ ጎማ ለምን ወደኛ መጣ?

ጀርመን፣ ኦስትሪያና ስዊድን ብዙው ባለመኪና ሁለት ዙር ጎማ አለው፤ አንዱ ለሙቀት ወራት፣ አንዱ ለበረዶ። በየወቅቱ ጎማ ከቸርኬ ማውለቅ ድካም ስለሆነ ሁለተኛውንም ዙር በራሱ ቸርኬ ላይ አስገጥሞ ያስቀምጠዋል። መኪናው ሲሸጥ አራቱ ይተርፋሉ። ያገለገለ መኪና ሲጫን በኋላው የዕቃ ቦታ አብረው ይገቡ ነበር፤ ወይም መኪናው ራሱ የበረዶ ጎማ እንዳደረገ ይመጣ ነበር። ከጃፓን ይመጣ የነበረውም እንደዚሁ ነው።

ዋጋው የሚረክስበት ምክንያት ሕግም አለበት። ኦስትሪያ ውስጥ ጥርሱ ከ4 ሚሊሜትር በታች የሆነ የበረዶ ጎማ እንደ በረዶ ጎማ አይቆጠርም። እዚያ የሞተው 4 ሚሊሜትር እዚህ «ገና ብዙ ይሄዳል» ተብሎ ይሸጣል።

እኛ ጋ ሲደርስ ደግሞ ስሙ ያሳስታል። «የክረምት ጎማ» ይባልና ለሰኔና ለሐምሌ ጭቃ የተሠራ ይመስለናል። የእነሱ ክረምት በረዶ ነው። ጎማው የተቀመመው ከ7 ዲግሪ በታች ሳይደርቅ ለስላሳ ሆኖ እንዲይዝ ነው። ሙቀት ሲያገኝ ከልክ በላይ ይለሰልሳል፤ ቶሎ ያልቃል፣ ፍሬን ሲያዝ መቆሚያው ይርቃል። ጎንደር ወደ 2,100 ሜትር፣ ደባርቅ ወደ 2,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። መተማ ወደ 700 ሜትር ትወርዳለች፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቷ ከ40 ዲግሪ በላይ ይሆናል። ጠዋት በደጋ ብርድ የተነፋ ጎማ ቀትር ላይ ቆላ ሲደርስ ንፋሱም ይጨምራል። ያረጀ የበረዶ ጎማ ላይ ጭነት ጨምሩበት፤ ውጤቱን ነግሬያችኋለሁ።

«ለደባርቅና ለጃናሞራስ አይሆንም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ብርዱስ አለ። ግን እዚያ ያለው ጠጠርና ስለታም ድንጋይ ነው፤ ለስላሳውን ጎማ ቆርጦ ይጥለዋል። የሚሆነው ቀስ ብሎ ለሚሄድ ለፈረስ ጋሪ ነው።

የምታውቁበት ምልክት፦ ሦስት ጫፍ ያለው ተራራ፣ መሀሉ ላይ የበረዶ ቅንጣት ተስሎበታል። ኤምና ኤስ የሚሉት ፊደሎች ብቻቸውን ግን አይበቁም፤ በረዶ ያልሆነ የገጠር መንገድ ጎማ ላይም ይጻፋሉ።

አሁን ወደ ሂሳቡ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ከ100 ብር አለፈ። ጎማ በዶላር የሚገባ ዕቃ ነው፤ ሰው ወደ ያገለገለ የሚዞርበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ እኔም አልፈርድም። የምለው ሂሳቡን እንሥራ ነው። ቀጥሎ ያለው ቁጥር ለምሳሌ ብቻ ነው፤ የገበያ ዋጋ ብላችሁ እንዳትይዙብኝ።

አዲስ የፒክአፕ ጎማ 20,000 ብር፣ ጥርሱ 10 ሚሊሜትር ይሁን። 2 ሚሊሜትር ሲቀረው እንጥለዋለን ካልን የምንጠቀመው 8 ነው። አንዱ ሚሊሜትር 2,500 ብር ወጣ።

ያገለገለው ከነቸርኬው 13,000 ብር ተባለ። ቸርኬው ብቻውን 4,000 ብር ያወጣል ካልን ጎማው 9,000 ብር ነው። ጥርሱ 5 ሚሊሜትር ከሆነ የምንጠቀመው 3 ብቻ ነው፤ አንዱ ሚሊሜትር 3,000 ብር። ከአዲሱ ተወደደ! ያው ጎማ ጥርሱ 8 ሚሊሜትር ቢሆን ግን 9,000 ለ6 ሲካፈል 1,500 ብር ነው፤ ያኔ ረከሰ ይባላል። ቸርኬው መኪናችሁ ላይ የማይገባ ከሆነ ደግሞ 4,000 ብሩን አትቀንሱ፤ የገዛችሁት ብረት ነው።

ሰሊጥን በኩንታል፣ ቡናን በፈረሱላ የምንገዛ ሰዎች ጎማን በፍሬ መግዛታችን ይገርማል። መለኪያዋ ትንሽ ነገር ናት፤ ከሌለች የማስመሪያ ጫፍ ይበቃል።

ከመክፈላችሁ በፊት

1. ዓመቱን አንብቡ፤ በፈረንጅ መሆኑን አትርሱ።
2. ጥርሱን መሀሉንም ሁለቱን ዳሮችም ለኩ። አንድ ዳር ብቻ ከተበላ ጎማው የመጣው ከታመመ መኪና ነው።
3. ጥርሱ በቢላ ተቀርጾ የጠለቀ እንዳይሆን ቦዩን ከውስጥ እዩ፤ ሽቦ ወይም ክር ብቅ ካለ አትንኩት። ቀለም የተቀባውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፤ ስንጥቁ ይወጣል።
4. የሚችለውን ጭነት አንብቡ። ከመጠኑ ቀጥሎ ያለው ቁጥር 91 ከሆነ አንዱ ጎማ 615 ኪሎ፣ 112 ከሆነ 1,120 ኪሎ ይሸከማል። የቤት መኪና ጎማ ፒክአፕ ላይ ገጥሞ ሽንኩርት መጫን ሞት መጥራት ነው።
5. ቸርኬውን መኪናው ላይ አስገጥማችሁ አዙሩ። የቡሎን ቁጥር ብቻ አይበቃም፤ የመሀል ቀዳዳው፣ የቡሎን መቀመጫው፣ ከፍሬኑ ጋር አለመነካካቱ ይታይ። የተጣመመ ከሆነ ሲዞር ይታወቃል።
6. የበረዶ ምልክት ካለበት ለቆላ መንገድ ተዉት።

ዩኒየኖችንና ላኪዎችን የሚመለከተው

አሁን ዋናው ነገር። የጎማ ዋጋ ኩንታላችሁ ውስጥ አለ፤ ስላልተጻፈ ነው የማታዩት። 50 ኩንታል የሚጭን አይሱዙ ስድስት ጎማ አለው። አሁንም ለምሳሌ፦ አዲስ ጎማ 30,000 ብር ቢሆን ስድስቱ 180,000 ብር ናቸው። 40,000 ኪሎ ሜትር ከሄዱ በኪሎ ሜትር 4.50 ብር ነው። 200 ኪሎ ሜትር ጭኖ ሄዶ ባዶውን ቢመለስ 1,800 ብር፤ በኩንታል 36 ብር። ያገለገለው 15,000 ብር ሆኖ 15,000 ኪሎ ሜትር ብቻ ከሄደ በኪሎ ሜትር 6 ብር፣ በኩንታል 48 ብር ይመጣል። በኩንታል 12 ብር ተጨመረ ማለት ነው። 5,000 ኩንታል ለሚያጓጉዝ ዩኒየን 60,000 ብር ነው። መንገድ ላይ የቆመበት፣ ዝናብ የመታው ጆንያ፣ ያለፈ ቀጠሮ ገና አልተቆጠረም።

እና እዚህ ላይ ራሴንም ልውቀስ። ማጓጓዣ የምናዋርደው እኛ ደላሎች ነን። «ሌላው በዚህ ይጭንልኛል» ብለን ሾፌሩን እናስጨንቀዋለን። ባለመኪናው ነዳጁን መቀነስ አይችልም፤ የሚቀንሰው ጎማውን ነው። በኩንታል አምስት ብር ያስወረድን ቀን በልሙጥ ጎማ ሊማሊሞን ወደ ዛሪማ የሚወርደው እሱ ነው። እኛ ፒያሳ ቡና እየጠጣን ስልክ እንጠብቃለን።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው። ዩኒየኖች የማጓጓዣ ውል ስትፈርሙ ሦስት መስመር ጨምሩ፦ ጎማው ከመጫኑ በፊት ይታያል፤ መኪናው ላይ ተሞክሮ የገባ ስኮርታ ይኖራል፤ ዓመቱ ያለፈ ጎማ አይጭንም። ይህን ስትጠይቁ ማጓጓዣው ላይ ጥቂት ብር ብትጨምሩም ከላይ ያለውን ሂሳብ ተመልከቱ። ጎማ ሻጮችም ብትሆኑ ዓመቱንና ሚሊሜትሩን በጠመኔ ጎማው ላይ ጻፉት፤ የበረዶውን ለብቻው ደርድሩት። ጥሩ ጎማ ያለው ሻጭ በሚሊሜትር ሲሸጥ ነው ዋጋውን የሚያገኘው፤ ሰውም ተመልሶ ይመጣል።

እኔ አሁንም ያገለገለ ጎማ እገዛለሁ። መኪና ውስጥ ግን ማስመሪያና እርጥብ ጨርቅ አይጠፋም። ያ የተላጠው ጎማዬ ምን ሆነ ብትሉ፣ አንድ በረባሶ የሚሠራ ሰው ወሰደው። ለስላሳ ስለሆነ ለእግር ይመቻል ብሎኛል።

እናንተስ ከነቸርኬው ገዝታችሁ የተጠቀማችሁ ወይ የተቃጠላችሁ ካላችሁ ጻፉልን፤ ዓመቱንና ሚሊሜትሩን አትርሱ። በቀጣዩ ወደ ሰሊጣችን እንመለሳለን። መልካም ገበያ፣ ለመንገደኞቻችንም ሰላም መንገድ!