ተራራ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው

ባለፈው ሰሞን ስለ ረጅም ርቀት የተራራ ሩጫ ከጻፍኩ በኋላ በውስጥ መስመር ደጋግሞ የመጣልኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «እኔ መሮጥ አልችልም፤ በጎ ፈቃደኛ ብሆን ግን ምን እሠራለሁ? ውሃ ማደል ነው?» አብዛኞቹ ጠያቂዎች እዚሁ መቐለ፣ የኛው ሓወልቲ ልጆች ስለሆኑ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

ውሃ ማደል አንዱ ሥራ ነው። ግን በከተማ ሩጫ የለመድነውና የተራራው አይገናኙም። ከተማ ውስጥ የሃይላንዱን ክዳን ከፍተህ ክንድህን ትዘረጋለህ፣ ሯጩ ነጥቆ ያልፋል፣ በቃ። ከደከመው አስፋልቱ ዳር ይቀመጣል፤ ሰው ይሰበሰባል፤ አምቡላንስም ሩቅ አይደለም። ተራራ ላይ ሯጩ አንተ ጋ የሚደርሰው ግማሽ ቀን፣ አንዳንዴም ሌሊቱን ሙሉ ዳገት ሲወጣና ቁልቁለት ሲወርድ ቆይቶ ነው። መኪና አይገባም፤ ስልክም ላይሠራ ይችላል። በዚያ ሰዓት ያን ሰው የሚያየው የአንተ ዓይን ብቻ ነው። ሥራው ማየት ነው፤ ሌላው ሁሉ ከሱ ይከተላል።

ምን ያህል ሰው እንደሚፈልግ ለመገመት በካሊፎርኒያ የሚካሄደውን ዌስተርን ስቴትስ የተባለ የተራራ ሩጫ እንውሰድ። ርቀቱ 161 ኪሎ ሜትር ነው። የሚሮጡት 369 ያህል ሲሆኑ በጎ ፈቃደኞቹ 1,500 ገደማ ናቸው፤ ለአንድ ሯጭ አራት ሰው ማለት ነው። በኮሎራዶ የሚካሄደው ሃርድሮክ ደግሞ የበለጠ ይገርመኛል። ርቀቱ ተመሳሳይ ነው፤ ዳገቱ ሁሉ ቢደመር 10,000 ሜትር ያህል ይሆናል፤ የሰዓት ገደቡ 48 ሰዓት ነው። እዚያ ለመሮጥ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ 8 ሰዓት በበጎ ፈቃድ ማገልገል አለበት። መንገድ ይጠርጋል ወይም በሌላ ውድድር የእርዳታ ጣቢያ ላይ ይቆማል። ሯጩ ከመሮጡ በፊት ቆሞ ማገልገልን እንዲቀምስ ማድረግ ትልቅ አስተውሎት ነው። በኛ አገርም ቢለመድ ደስ ይለኛል።

ዓይን ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ያሳየን የቻይናው ጋንሱ ነው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 22 ቀን 2021 በ100 ኪሎ ሜትር የተራራ ሩጫ 172 ሰዎች ተነሡ። ጠዋት መሮጥ ጀመሩ፤ ከፍታው ላይ ሳሉ ዝናብ፣ በረዶና ኃይለኛ ንፋስ ወረደባቸው። አብዛኞቹ የለበሱት ስስ ቁምጣና ካናቴራ ነበር፤ የንፋስ ጃኬት በግዴታ ከሚያዙት ዕቃዎች ውስጥ አልነበረም። 21 ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ መካከል በአገሪቱ አሉ የሚባሉ ሯጮች ነበሩ፤ ጉልበት ከብርድ አያድንም። ዡ ከሚንግ የሚባል በግ ጠባቂ ግን ከዝናቡ በተጠለለበት ዋሻ ደጃፍ አንድ ሰው ቆሞ አየ። አስገባው፣ እሳት አነደደለት፣ ከዚያም ሌሎቹን ሊፈልግ ወጣ። በዚያ ቀን የስድስት ሰው ሕይወት አተረፈ። ማንም አልመደበውም፤ ስለ ሩጫም ሥልጠና አልወሰደም። ተራራውን ያውቃል፤ ሰውም ያያል።

እንግዲህ ምን ብለን ነው የምናየው? ሯጩ ሲደርስ በመጀመሪያ የደረት ቁጥሩንና ሰዓቱን ትመዘግባለህ። ተራ ነገር ይመስላል፤ ግን ከፊተኛው ጣቢያ አልፎ አንተ ጋ ያልደረሰ ቁጥር ካለ ፍለጋው የሚጀመረው ከዚያ ወረቀት ነው። ቀጥሎ ፊቱን አይተህ ታናግረዋለህ። «ደህና ነህ?» ብሎ መጠየቅ ግን ምንም አይጠቅምም፤ ሁሉም «ደህና ነኝ» ነው የሚሉት። «ከየት መጣህ? መጨረሻ የበላኸው መቼ ነው?» በለው። መልሱ ከዘገየ ወይም ከተምታታ ንቃ። የጃኬቱን ዚፕ ሲዘጋ ጣቶቹን ተመልከት። አውራ ጣቱን ከትንሿ ጣቱ ጋር እንዲያገናኝ ጠይቀው፤ ካቃተው ብርዱ ጡንቻው ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። የሚንቀጠቀጥ ሰው ገና እየታገለ ነው። ሳይሞቅ መንቀጥቀጡን ያቆመ ሰው ግን በጣም ያስፈራል፤ እርጥቡን ልብስ አውልቀህ፣ ደረቅ አልብሰህ፣ ከንፋሱ ከልለህ ወዲያው እርዳታ ጥራ።

ውሃ ለተራራ ምን እንደሆነ ለመቐለ ሰው አይነገርም። በጥር 1888 ዓ.ም. የጣሊያንን ጦር ከእንዳኢየሱስ ምሽግ ያስለቀቀው ከመድፉ ይልቅ እቴጌ ጣይቱ ምንጩን ማስያዛቸው ነበር። ስለዚህ ውሃው በአህያ ይሁን በበቅሎ ቀድሞ መውጣት አለበት። ነገር ግን ሲበዛም ይጎዳል፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። እ.ኤ.አ. የ2002ቱን የቦስተን ማራቶን ከጨረሱት 488 ሯጮችን የመረመረ ጥናት 13 በመቶ ያህሉ በደማቸው ያለው ሶዲየም ከመጠን በታች ወርዶ አግኝቶታል፤ ዋናው ምክንያት ውሃ ማብዛት ነው። ሆዱ ተነፍቶ፣ ራሱን አሞት፣ ግራ የተጋባ ሯጭ ላይ ሌላ ሃይላንድ አትጨምር። በነገራችን ላይ ለተራራ ጣቢያ ከውጭ የሚመጣ ጣፋጭ ዱቄት መፈለግ ያለብን አይመስለኝም። ጨው ጣል የተደረገበት በሶ ለመንገደኛ የታሰበ ምግብ ነው፤ ለደከመ ሆድም ይስማማል።

ከሁሉም የሚከብደው ሰው ማስቆም ነው። ለወራት የተዘጋጀ ሰው «አስር ኪሎ ሜትር ብቻ ቀረኝ» እያለ ሲለምንህ፣ አንተም «አይዞህ» ማለት የለመደ አንደበት ይዘህ፣ «እዚህ ላይ ይበቃሃል» ማለት። ይቆጣል፣ ያለቅሳል። አንዳንዱ በእድሜ ታላቅህ ይሆናል፤ «ጋሼ፣ ይቀመጡ» ትላለህ፣ ግን ከውሳኔህ ንቅንቅ አትልም። ለዚህ ነው ማን የማስቆም ሥልጣን እንዳለው አዘጋጁ ከሩጫው በፊት መወሰን ያለበት። ያንን ሳይወስን ወጣቶችን ተራራ ላይ የሚያወጣ አዘጋጅ ሯጮቹንም ወጣቶቹንም አይጠብቅም፤ እንዲህ ላለው አታገልግሉ።

ይህ ሁሉ ለኛ አገር እንግዳ ነው ብዬ አላምንም። ገርዓልታ ላይ አቡነ የማታ ጉሕን የወጣ ሰው ይረዳኛል። ጫማ ታወልቃለህ፤ ከፊትህ ቀጥ ያለ አለት ነው። ከታችህ የቆመ የአካባቢው ልጅ ተረከዝህን በእጁ ይይዝና አለቱ ላይ ወደተፈለፈለችው ጉድጓድ ይመራዋል፤ «ቀኝ እጅህን ከፍ፣ እዚያ ያዝ» ይልሃል። እኔ ስወጣ ከኔ ቀጥላ የነበረችውን ሴት እጇ ሲንቀጠቀጥ አይቶ እንዳትቀጥል አደረጋት። አልተከራከራትም፤ እስክትረጋጋ አጠገቧ ተቀመጠ፣ ከዚያ ይዟት ወረደ። የተራራ በጎ ፈቃደኛ ምን እንደሚሠራ እኔ የተማርኩት ከሱ ነው።

በኛ ተራሮች፣ አላጀ ይሁን 3,900 ሜትር ገደማ የሚደርሰው ጽበት፣ የአካባቢው ሰው የሌለበት ሩጫ መታሰብ የለበትም። ደመናው ከየት እንደሚመጣ፣ የቱ ምንጭ በበጋ እንደሚደርቅ የሚያውቀው እረኛው ነው። ሌላም ከባድ ነገር አለ። ከትግራዩ ጦርነት የተረፉ ያልፈነዱ ተተኳሾች በክልሉ ብዙ ቦታ አሉ። ስለዚህ መንገዱ በባለሙያ ሳይረጋገጥ፣ የቀበሌው ሰው ሳይጠየቅ አንድም ሯጭ መነሣት የለበትም፤ ከመስመሩ ወጥቶ አቋራጭ መፈለግም ክልክል መሆን አለበት።

መጀመር የምትፈልጉ የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ውሰዱ፤ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በጎ ፈቃደኞችን ያሠለጥናል። ከዚያ በከተማ ሩጫዎች ላይ ቁጥር መመዝገብን ተለማመዱ፤ እየጮኸ በሚያልፍ ሕዝብ መሃል አንድም ቁጥር እንዳያመልጥ ማድረግ ቀላል አይደለም። ፊሽካ ግዙ። ተራራ ላይ የእርዳታ ጥሪ በደቂቃ ስድስት ጊዜ መንፋት ነው፤ አንድ ደቂቃ ቆይቶ ይደገማል። የሰማ ሰው በደቂቃ ሦስት ጊዜ ነፍቶ ይመልሳል። ሓወልቲ አካባቢ ያላችሁ ቅዳሜ ጠዋት አብረን መለማመድ ከፈለጋችሁ ስማችሁንና ሰፈራችሁን በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ መሮጥ የማትችሉም ኑ።