ስለ አፍንጫ ሕመምና ስለ አዲሱ መድኃኒት

መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች የመንዝ ከተማ ስለ ሆነች ብርዷ ጽኑ ነው። በደጋው አገር ሕዝቡ ባናውን ደርቦ እሳት ዳር መቀመጡ የታወቀ ነው፤ ብርዱም ጢሱም አፍንጫን ያስቸግራሉ። ስለዚህም አፍንጫው የታፈነበት ሰው «ጉንፋን ነው» እየተባለ ዓመታት ያልፉበታል። ነገር ግን ጉንፋን በጥቂት ቀን የሚለቅ ሲሆን፥ ከ12 ሳምንት በላይ የቆየ መታፈን ሌላ ደዌ መኖሩን ያመለክታል።

ከዚህም አንዱ፥ ሳይነስ የሚባሉት የፊት አጥንት ክፍት ቦታዎች ሲቆጡ በአፍንጫ ውስጥ ለስላሳ ሥጋ የሚበቅልበት ሕመም ነው። ሥጋው ነቀርሳ አይደለም፤ ነገር ግን የማሽተትን ኃይል ይነሣል። ካህኑ የሚያጥነውን ዕጣን፥ ባለቤቲቱም የሚያርረውን ወጥ ሳያሸቱ ይቀራሉ።

ሐኪሞች አስቀድሞ የነበሯቸው ዋና መሣሪያዎች ቁጣውን የሚያበርደው ስቴሮይድና ሥጋውን የሚያወጣው ቀዶ ሕክምና ነበሩ። ሥጋው ተቆርጦ ደግሞ የሚበቅልባቸው ሕሙማን ግን ጥቂቶች አይደሉም። ስለ እነዚህ ሲባል በአሜሪካ በ2011 ዓ.ም. ዱፒሉማብ፥ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ኦማሊዙማብና ሜፖሊዙማብ ለዚህ ሕመም ተፈቀዱ።

ሥራቸውም ይህ ነው። የሰውነት ጠባቂ ሠራዊት በመልእክተኞች እየተጠራ ያለ ጠላት ሲዘምት ሕመሙ ይጸናል። ዱፒሉማብ ኢንተርሉኪን 4 እና 13 የሚባሉት መልእክተኞች የሚገቡበትን በር ይዘጋል፤ ሜፖሊዙማብ ኢንተርሉኪን 5ን፥ ኦማሊዙማብም አይ.ጂ.ኢ. የተባለውን ይይዛሉ። ጥሪው ካልደረሰ ዘመቻው ይበርዳል፤ ሥጋው ይቀንሳል፤ ለብዙዎችም ሽታ ይመለሳል።

ይሁን እንጂ ዋጋው እጅግ ከባድ ነው፤ መርፌው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መጠበቅ አለበት፤ በየ2 ወይም በየ4 ሳምንቱ ይወጋል፤ ሲቋረጥም ሕመሙ ሊመለስ ይችላል። ደግሞም ርጭቱና ቀዶ ሕክምናው ላልበቃው ሕመምተኛ የሚታሰብ እንጂ የመጀመሪያ መድኃኒት አይደለም።

እንግዲህ በደጋው አገር ቀዳሚው ሥራ ሌላ ነው። ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በተበጠበጠ ጨው አፍንጫን ማጠብና ሐኪም ያዘዘውን የስቴሮይድ ርጭት ሳያቋርጡ መውሰድ ብዙውን ሰው ይረዳል። ሹማምንት ይህ ርጭት ከመድኃኒት ቤት እንዳይጠፋ፥ ሕመምተኛውም ወደ አፍንጫ ሐኪም የሚላክበት መንገድ እንዳይዘጋ ይትጉ። ካህናትም ሽታ የጠፋበት ሰው ሐኪም ዘንድ እንዲቀርብ፥ ይልቁንም በአንድ ወገን ብቻ የሚታፈንና የሚደማ አፍንጫ ሳይውል ሳያድር እንዲታይ ሕዝቡን ይምከሩ። አዲሱ መድኃኒት አንድ ቀን በደረሰ ጊዜ የሚጠቅመው አስቀድሞ ሕመሙ ለታወቀለት ሰው ነውና።