የእርሾ ጋን እና የአርቴሚሲያ ማሳ

ጠላና ጠጅ የሚያፈላው፣ የዳቦ ሊጥ የሚያነሣው እርሾ ስኳር እየበላ አልኮል እንደሚያወጣ የታወቀ ነው። ሳይንቲስቶች የዚህን ደቂቅ ሕያው ነገር የውስጥ አሠራር ለውጠው ከዚያው ስኳር ሌሎች ኬሚካሎችን እንዲያመርት አድርገዋል። ከእነዚህ አንዱ ከማሳ የሚገኝ ምርት የሚተካ ስለሆነ የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት እንዲያውቁት እንሻለን።

ተክሉ አርቴሚሲያ አኑዋ ይባላል፤ የአሪቲና የጭቁኝ ዘመድ ነው። ከቅጠሉ የሚወጣው አርቴሚሲኒን እ.ኤ.አ. በ2004 አገራችን ለወባ ሕክምና የመረጠችው የኮአርተም መነሻ ነው። (ቅጠሉን እንደ ሻይ አፍልቶ መጠጣት ግን የወባ ሕክምና አይደለም። የታመመ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።)

እርሾ በተፈጥሮው ለሕዋሱ ሽፋን የሚሆን ቅባት መሰል ነገር ይሠራል። በካሊፎርኒያ የተሰማሩ ተመራማሪዎች ወደዚያ የሚሄደውን መንገድ አጥብበው፣ ከአርቴሚሲያ የተገኙ ጂኖች ጨምረው፣ መካከል ላይ ያለውን ጥሬ ነገር ወደ አርቴሚሲኒክ አሲድ መለሱት። ገበሬ ቦይ ዘግቶ ውኃውን ወደ ሌላ መደብ እንደሚመልሰው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ከአንድ ሊትር 100 ሚሊ ግራም ገደማ ይገኝ የነበረው አሲድ በ2013 25 ግራም ደረሰ። አሲዱን ወደ አርቴሚሲኒን የሚለውጠው የመጨረሻው ሥራ የሚከናወነው ከእርሾው ውጭ፣ በኬሚካልና በብርሃን ነው።

በዚያው በ2013 ሳኖፊ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ጣሊያን ውስጥ በጋሬሲዮ ማምረት ጀመረ። ዕቅዱ በዓመት ከ50 እስከ 60 ቶን፣ ማለትም ከዓለም ፍላጎት ሲሶ ያህሉን ማቅረብ ነበር። ይሁን እንጂ የእርሾው አርቴሚሲኒን በኪሎ ከ350 እስከ 400 ዶላር ሲያወጣ፣ ከቅጠል የሚገኘው ከ250 ዶላር በታች ወረደ። በ2015 ፋብሪካው ምንም አላመረተም፤ በ2016 ለአንድ የቡልጋሪያ ኩባንያ እንዲሸጥ ተወሰነ።

እንግዲህ ማሳው ረታ ብሎ ለመደሰት ግን አያስቸኩልም። ያንን ርካሽ ዋጋ የተሸከመው ገበሬው ራሱ ነው። በ2005 አካባቢ ኪሎው ከ1,000 ዶላር በላይ ሲሸጥ በእስያና በአፍሪካ ብዙ ሰው ዘራ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ዋጋው ወደ 200 ዶላር ገደማ ተንከባለለ። አሁን ደግሞ የእርሾው ዘዴ ስላለ፣ ዋጋው እጅግ ቢወደድ ጋኑን እንደገና ማስነሣት ያዋጣል። ስለዚህ የቀድሞው 1,000 ዶላር ይመለሳል በሚል ተስፋ ጤፍ ወይም በቆሎ የሚበቅልበትን መሬት ለአርቴሚሲያ መልቀቅን አንመክርም።

መዝራት የሚፈልግ ማኅበር ካለ፣ ችግኝ ከማፍላቱ በፊት ከገዢ ጋር ውል ይፈራረም። ቅጠሉን የሚጨምቅ ፋብሪካ ከሌለ ሌላ ገበያ የለውም። ክፍያው በደረቅ ቅጠል ክብደት ነው ወይስ በውስጡ ባለው አርቴሚሲኒን መጠን? ይህ በውሉ ይጻፍ። ተራ ዘር ከደረቅ ቅጠሉ ከመቶ ግማሽ እጅ እንኳ ላይሰጥ ይችላል፤ የተሻሻለው ከመቶ አንድ እጅ ያልፋል። ክፍያው በመጠን ከሆነ ያልታወቀ ዘር መግዛት ኪሳራ ነው፤ አጨዳውም ተክሉ አበባ ከመፈንዳቱ በፊት ይሁን፤ ግንዱም ከቅጠሉ ጋር አይደባለቅ።