ስለ ረጅም የብስክሌት ጉዞ ጭነትና ዝግጅት

ጥርጊያ ባልሆነ መንገድ ብዙ ቀን በብስክሌት ለመጓዝ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ምን ልያዝ?» ብሎ ነው። እኛ ግን ነገሩን ስንመረምረው ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ሆኖ አገኘነው። የመጀመሪያው «ስንቅ ከሚገኝበት ስንቅ እስከሚገኝበት፣ ውሃ ካለበት ውሃ እስካለበት ስንት ሰዓት ያስኬዳል?» የሚለው ነው። የጭነቱን ክብደት ከሱቅ ከሚገዛው ዕቃ ይልቅ የዚህ ጥያቄ መልስ ይወስነዋል። ይህንንም ለማስረዳት፣ ጭነቱ ተመዝኖ የተጻፈለትን አንድ የቆየ ጉዞ እንደ ምሳሌ እንወስዳለን።

በ1897 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ አገር፣ በሞንታና ግዛት፣ ፎርት ሚዙላ ከሚባለው የጦር ሰፈር 20 ወታደሮች በብስክሌት ተነሥተው እስከ ሴንት ሉዊስ ከተማ ሄዱ። ወታደሮቹ የ25ኛው እግረኛ ሬጅመንት ጥቁር አሜሪካውያን ሲሆኑ፣ አዛዣቸው ጄምስ ሞስ የሚባል ነጭ ምክትል የመቶ አለቃ ነበረ። አንድ ሐኪምና አንድ ጋዜጠኛም አብረዋቸው ነበሩ። ጁን 14 ቀን ተነሥተው ጁላይ 24 ቀን ገቡ። የተጓዙት 1,900 ማይል፣ ማለት 3,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከ41ዱ ቀን በመንገድ ላይ የዋሉት 34ቱን ነበረ። ሊፈተን የታሰበው፣ ገብስና ሣር የማይጠይቅ ብስክሌት በፈረስ ፈንታ ለጦር ሠራዊት ያገለግል እንደ ሆነ ነው።

ባዶው ብስክሌት 32 ፓውንድ፣ ማለት 14 ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝን ነበር። ከነጭነቱ ግን በአማካይ 59 ፓውንድ ወይም 27 ኪሎ ያህል ሆነ። እንግዲህ ብስክሌቱ የተሸከመው ከ12 ኪሎ እምብዛም አይበልጥም ማለት ነው። በዚህም ውስጥ ብርድ ልብስ፣ መለወጫ የውስጥ ልብስና ካልሲ፣ የምግብ ዕቃና ስንቅ ነበረበት። ድንኳኑን እያንዳንዱ ሰው በግማሽ ይይዝና ማታ ሁለት ሰዎች ግማሾቻቸውን አጋጥመው አንድ ድንኳን ይሠሩ ነበር። በቡድን የሚጓዙ ሰዎች ይህን ዘዴ ቢያስቡበት መልካም ነው፤ አምስት ጓደኞች አምስት መፍቻና አምስት ጎማ መንፊያ የሚይዙበት ምክንያት የለም። ወታደሮቹ ግን ሊያስቀሩት የማይችሉት አንድ ነገር ነበረ፤ ይኸውም 10 ፓውንድ ያህል የሚመዝነው ጠመንጃና 50 ጥይት ነው። ዛሬ ለገዛ ፈቃዱ የሚጓዝ ሰው «ይህ አያስፈልገኝም» ብሎ መጣል መቻሉ ትልቅ ዕድል መሆኑን ብዙ ጊዜ አያስተውለውም።

12 ኪሎ ጭነት ለ41 ቀን የበቃው እንዴት ነው? መልሱ ወታደሮቹ የሚይዙት የሁለት ቀን ስንቅ ብቻ ስለ ነበረ ነው። በየ100 ማይሉ ያህል ስንቅ የሚቀበሉበት ስፍራ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር፤ መንገዱም በአብዛኛው የባቡር ሐዲድን ተከትሎ የተመረጠው በከፊል ለዚሁ ነው። ስንቅ በቀን አንድ ኪሎ ነው ብለን ብንቈጥር፣ የሁለት ቀን 2 ኪሎ፣ የሰባት ቀን 7 ኪሎ ይሆናል። በመካከሉ ያለው ልዩነት 5 ኪሎ ነው። የጥርስ ብሩሹን እጀታ ቈርጦ ጥቂት ግራም የሚያድን ተጓዥ፣ በሚያልፍበት አገር ገበያ የሚውለው በየትኛው ቀን እንደ ሆነ ሳይጠይቅ ቢነሣ፣ ያዳነውን ብዙ እጥፍ አድርጎ ይሸከመዋል።

የስንቁም ዓይነት እንደዚሁ ነው። የእኛ አገር መንገደኛ በሶ ሲይዝ የሚያስቀረው ዕቃ ብዙ ነው። የተቈላ የገብስ ዱቄት እሳት ስለማይፈልግ ምድጃው፣ ነዳጁና ድስቱ ይቀራሉ። ነገር ግን በሶ ውሃ ይፈልጋል፤ ውሃ ደግሞ ሊቀል የማይችል ነገር ነው፤ አንድ ሊትር ምን ጊዜም አንድ ኪሎ ነው።

በሞስ ጉዞ ላይ ከባዱ ፈተና የመጣው በዚሁ በውሃ በኩል ነበረ። ጉዞው እንደ ተጀመረ በተራሮች ላይ ዝናብና በረዶ አገኛቸው። ቀጥሎም የሞንታና ጭቃ ከጎማቸው ጋራ እየተጣበቀ መንቀሳቀስ ከለከላቸው፤ የአገራችንን መረሬ በክረምት የረገጠ ሰው ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል። በዚህ ጊዜ ወደ ሐዲዱ ወጥተው በአግዳሚ እንጨቶቹ ላይ እየተንገጫገጩ ሄዱ። ይህን ሁሉ ቻሉት። በኔብራስካ የአሸዋ ኮረብታዎች ግን ሙቀቱ የበረታ፣ ውሃውም ጨዋማ ስለ ነበረ ብዙዎቹ ታመሙ፤ ሞስም ራሱ ታመመ። እዚህ ላይ ለዛሬ ተጓዥ የሚጠቅም ነገር አለ። ማፍላትም ሆነ በኪስ የሚያዘው የተለመደ ማጣሪያ በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን ቢያስወግድም፣ በውሃው የሟሟውን ጨው አያስወግድም፤ እንዲያውም ውሃው ሲፈላ በተን ስለሚቀንስ ጨውነቱ ይብሳል። ስለዚህ በካርታ ላይ ውሃ መኖሩን ማየት አይበቃም፤ ውሃው የሚጠጣ መሆኑን የአገሩን ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል።

መንገዱንም በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት መቍጠር ይገባል። የሞስ ሰዎች ሲጓዙ አማካይ ፍጥነታቸው በሰዓት 6 ማይል፣ ማለት 10 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። በዚህ ፍጥነት 60 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ምንጭ የ6 ሰዓት መንገድ ነው። በሙቀት ጊዜ በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ስለሚጠጣ ከ3 እስከ 6 ሊትር መያዝ ግድ ይሆናል። አሸዋው ፍጥነቱን በግማሽ ቢቀንሰው ውሃው እጥፍ መሆን አለበት። ጭነት ማቅለል ማለት ውሃ መቀነስ የሚመስለው ሰው እዚህ ላይ ሕይወቱን ለአደጋ ይሰጣል። እኛ የምናምነው ሌላው ዕቃ የሚቀለው ለውሃው ቦታ ለመልቀቅ መሆኑን ነው። የጎማ መለጠፊያና መንፊያ፣ መፍቻ፣ የካቴና ማያያዣ፣ አንድ ሙቅ ልብስና መድኃኒት ግን ከውሃው ጋራ የማይነኩ ናቸው።

ዕቃው በብስክሌቱ ላይ የሚቀመጥበትም ስፍራ ክብደቱን ያህል ያሳስባል። የ1897ቱ ወታደሮች ድንኳናቸውንና ብርድ ልብሳቸውን ጠቅልለው ከመሪው ፊት ያስሩ፣ ስንቃቸውን ደግሞ በቴላዮው ሦስት ማዕዘን መካከል በተገጠመ ሣጥን ያኖሩ ነበር። ዛሬም ሣጥኑ በጨርቅ ቦርሳ ተለወጠ እንጂ ሥርዓቱ ያው ነው። ከባዱ በመካከልና ዝቅ ብሎ፣ ቀላሉና ትልቁ ከፊትና ከመቀመጫው ኋላ ይሆናል። ከኋላ መደርደሪያ ግራና ቀኝ የሚንጠለጠል ቦርሳ ለጥሩ መንገድ የተመቸ ቢሆንም፣ በድንጋያማ ስፍራ እየተወዛወዘ ብሎኑን ያላላዋል።

ዝግጅቱስ? ሞስ በ1896 ዓ.ም. ከ8 ወታደሮች ጋራ መጀመሪያ ወደ ማክዶናልድ ሐይቅ አጭር ጉዞ፣ ቀጥሎም ወደ የሎስቶን ፓርክ ደርሶ መልስ 800 ማይል ያህል ጉዞ አድርጎ ነበር። ለሚቀጥለው ዓመት የተሠሩት ብስክሌቶች ቸርኬያቸው ከብረት የሆነው፣ ሹካቸውም የጠነከረው ከዚህ በኋላ ነው። ወታደሮቹም አጥር መሻገርንና ወንዝ ማቋረጥን ሳይቀር ይለማመዱ ነበር፤ ከመካከላቸውም ብስክሌት መጠገን የሚያውቅ ጆን ፊንድሊ የሚባል ወታደር ነበረ።

ስለዚህ ጉዞ የሚታወቀው አብዛኛው የተገኘው ከአዛዡ ሪፖርትና ከጋዜጠኛው ከኤድዋርድ ቡስ ጽሑፍ ነው። የ59 ፓውንዱ ቍጥር እንኳ የመዛኙ ነው፤ በአሸዋው ላይ የገፋው ሰው ትከሻ ምን እንዳለ ቍጥሩ አይነግረንም። ስለዚህ ለመጓዝ ያሰበ ሰው በሚዛን ብቻ አይመን። ከዋናው ጉዞ አንድ ወር ያህል አስቀድሞ ሙሉውን ጭነት ከነውሃው ጭኖ፣ ሁለት ሌሊት ውጭ የሚያሳድር መንገድ ይሂድ፤ አንድ ዳገትም ብስክሌቱን እየገፋ ይውጣ። ሲመለስ ዕቃውን ሁሉ መሬት ላይ ዘርግቶ፣ ከቦርሳ ያልወጣውን ለብቻው ያኑር። ከዚህ ክምር ውስጥ መድኃኒቱንና የጥገናውን ዕቃ መልሶ ያንሣ፤ የቀረውን እቤት ይተወው።