ጨዋታ እንጀራ ሲሆን፦ የጃፓናዊው ዳይጎ ኡመሃራ ጉዞ

በከተሞቻችን ፕሌይስቴሽን የሚያከራዩ ቤቶች ደጃፍ ላይ ከትምህርት ቤት የተመለሱ ወጣቶችን ማየት የተለመደ ነው። ከእነዚህ ወጣቶች መካከል ወላጆቻቸው ከገጠር ስንቅ እየላኩ፣ በከተማ ቤት ተከራይተው የሚያስተምሯቸው ይገኙበታል። ልጅ “በዚህ ጨዋታ ደመወዝ የሚያገኙ ሰዎች አሉ” ቢል ወላጅ ለማመን ይቸገራል። ነገሩ ግን እውነት ነው። በዓለም ላይ ቪዲዮ ጌም በመጫወት የሚተዳደሩ ሰዎች አሉ። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ፣ ምን ያህል ድካም እንደሚጠይቅና ምን ያህል አስተማማኝ እንደሆነ ማወቅ ለልጁም ለወላጁም ይበጃል። የጃፓናዊው የዳይጎ ኡመሃራ ሕይወት ይህንን ለመረዳት ጥሩ ማሳያ ነው።

ዳይጎ የሚታወቀው በፍልሚያ ጌም ነው። የፍልሚያ ጌም ሁለት ሰዎች አንድ ስክሪን ፊት ተቀምጠው፣ እያንዳንዳቸው አንድ ተፋላሚ መርጠው የሚገጥሙበት ነው። ሸክሙን የሚጋራ የቡድን አጋር የለም፤ የተሸነፈ ሰው ሽንፈቱን የሚያሳብብበት አያገኝም። በስክሪኑ አናት ላይ የየተፋላሚው የሕይወት መለኪያ መስመር ይታያል። ምት ባረፈ ቁጥር መስመሩ ያጥራል፤ ሲያልቅ ዙሩ በሽንፈት ይጠናቀቃል። በዘርፉ ስመ ጥር ከሆኑት ጌሞች አንዱ ካፕኮም የተሰኘው የጃፓን ኩባንያ የሚያወጣው ስትሪት ፋይተር ነው።

ላይ ላዩን ሲታይ አዝራር የመደብደብ ውድድር ይመስላል። የጌሙ ምስል ግን በአንድ ሰከንድ ውስጥ 60 ጊዜ ይታደሳል፤ ፈጣን ምቶች ከእነዚህ 60 ክፍልፋዮች ጥቂቶቹን ብቻ ወስደው ያርፋሉ። የሰው ዓይን አይቶ፣ እጅም ታዝዞ እስኪመልስ ድረስ ምቱ አርፏል። ስለዚህ ባለሙያው ምቱን ለማየት ሳይሆን ባላጋራው ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ ለመገመት ይሠለጥናል። የእያንዳንዱን ተፋላሚ ምት ፍጥነትና ርቀት በቃሉ ይይዛል፤ የባላጋራውን ልማድ ያጠናል፤ አንድን እንቅስቃሴ እጁ ሳያስብ እስኪያደርገው ድረስ ሺህ ጊዜ ይደግማል።

ዳይጎ የተወለደው እ.አ.አ በ1981 በሰሜን ጃፓን በአኦሞሪ ግዛት ነው። በልጅነቱ ይውልባቸው የነበሩት ጌም ሴንተሮች በሳንቲም የሚሠሩ ትልልቅ የጌም ማሽኖች የተደረደሩባቸው አዳራሾች ናቸው። በእነዚህ ቤቶች ተሸናፊ እንደገና ለመጫወት ሌላ ሳንቲም ይከፍላል፤ አሸናፊ ግን ሳይከፍል ይቀጥላል። ኪሱ ለሳሳ ልጅ ማሸነፍ ማለት በአንድ ሳንቲም ረጅም ሰዓት መጫወት ማለት ነበር። እ.አ.አ በ1998፣ ገና በ17 ዓመቱ፣ ወደ አሜሪካዋ ሳን ፍራንሲስኮ ተጉዞ የአሜሪካውን ሻምፒዮን አሌክስ ቫሌን አሸነፈ።

ስሙ በዓለም ዙሪያ የናኘው ግን እ.አ.አ በ2004 በካሊፎርኒያ፣ በዓመታዊው የፍልሚያ ጌም ውድድር በኢቮ ላይ ነው። ዳይጎ ኬን በተባለው ተፋላሚ፣ አሜሪካዊው ጀስቲን ዎንግ ደግሞ ቹን ሊ በተባለችው ተጋጠሙ። የዳይጎ የሕይወት መስመር ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ጀስቲን በተከታታይ 15 ጊዜ የሚመታውን የቹን ሊ ልዩ ጥቃት ለቀቀ። ልዩ ጥቃትን በመደበኛው መንገድ የተከላከለ ተጫዋች እንኳ ጥቂት ጉዳት ይደርስበታል፤ ለዳይጎ ደግሞ ያቺ ጥቂት ጉዳት መሸነፊያው ነበረች።

የቀረው መንገድ አንድ ብቻ ነበር። በዚያ ጌም ምት ሊያርፍ በተቃረበበት ቅጽበት ጆይስቲኩን ወደ ባላጋራው የገፋ ተጫዋች ምቱን ያለ ምንም ጉዳት ያከሽፋል። ቅጽበቱን የሳተ ግን ምቱን ሙሉ በሙሉ ይቀበላል። ዳይጎ 15ቱንም ምቶች አንድ በአንድ አከሸፈ፤ ወዲያው በመልሶ ማጥቃት ዙሩን አሸነፈ። አዳራሹ በጩኸት ተናወጠ፤ የዚያ ቅጽበት ቪዲዮም እስከ ዛሬ ድረስ በፍልሚያ ጌም ታሪክ በእጅጉ ከታዩት አንዱ ሆኖ ቆይቷል።

ብዙ ጊዜ የማይነገረው ቀጥሎ የሆነው ነው። ዳይጎ ያንን ውድድር አላሸነፈም፤ በፍጻሜው በአገሩ ልጅ ተረታ። ዝናው ወደ ገቢ የሚለወጥበት መንገድም አልነበረም። በዚያን ጊዜ በጃፓን በፍልሚያ ጌም ደመወዝ የሚያገኝ ሰው ማሰብ አስቸጋሪ ነበር። ዳይጎ ጌሙን ተወው። መጀመሪያ ፊቱን በጃፓን በስፋት ወደሚዘወተረው ማህጆንግ ወደተባለ የጠረጴዛ ጨዋታ አዞረ፤ ቆይቶ ያንንም ትቶ አረጋውያንን በሚንከባከብ ድርጅት ተቀጠረ። ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች ዛሬ ከሕዝቧ ከሩብ በላይ በሆኑባት ጃፓን ይህ ሥራ ብዙ ሰው የሚፈለግበት ነው። አረጋውያንን ማንሳት፣ ማጠብ፣ መመገብና ማጫወት ጉልበትንም ትዕግሥትንም ይጠይቃል፤ ማሸነፍና መሸነፍ ግን የለበትም።

እ.አ.አ በ2008 ስትሪት ፋይተር 4 በጌም ሴንተሮች ሲገባ ዳይጎ ወደ ጨዋታው ተመለሰ። እ.አ.አ በ2009 በኢቮ ፍጻሜ ያንኑ ጀስቲን ዎንግን ገጥሞ ዋንጫውን ወሰደ፤ በ2010ም ድሉን ደገመ። በዚያው በ2010 ማድ ካትዝ ከተባለ፣ የጌም መቆጣጠሪያዎችን ከሚሠራ የአሜሪካ ኩባንያ ጋር የስፖንሰርነት ውል ተፈራረመ። በጃፓን ፕሮፌሽናል ተጫዋች ለመባል ከበቁት ቀዳሚዎች አንዱ የሆነው በዚህ መንገድ ነው። በሥራው ያካበተውን ሐሳብ እ.አ.አ በ2012 በመጽሐፍ አሳትሟል። የመጽሐፉ ዋና መልእክት ማሸነፍና ማሸነፍን መቀጠል የተለያዩ ነገሮች ናቸው የሚል ነው። አንድ ጊዜ ለማሸነፍ አንድ ብልሃት ይበቃል፤ ብልሃቱ ከታወቀ በኋላ ግን የሚያዋጣው በየዕለቱ በጥቂቱም ቢሆን መለወጥና ማደግ ነው።

ታዲያ ባለሙያው የሚኖረው በምንድን ነው? የመጀመሪያው ምንጭ ሽልማት ነው። እ.አ.አ በ2024 በሎስ አንጀለስ በተካሄደው የካፕኮም ዋንጫ ኡማ የተሰኘው የታይዋን ተጫዋች የ1 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት ወስዷል። ይህ ዜና በየስልኩ ይደርሳል። ይሁን እንጂ በአንድ ውድድር በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺህ የሚቆጠሩ ተጫዋቾች ተመዝግበው ገንዘብ ይዘው የሚመለሱት ጥቂቶች ናቸው፤ የሌሎቹ ትርፍ የአውሮፕላንና የሆቴል ወጪ ነው። ለአርሶ አደር በሚገባ ቋንቋ ሽልማት እንደ ዝናብ ነው። የዘነበ ዓመት ጎተራ ይሞላል፤ ዝናቡን ብቻ አምኖ የተቀመጠ ግን በቀረበት ዓመት ይራባል። ባለሙያዎቹ እንደ መስኖ የሚቆጥሯቸው የስፖንሰር ክፍያን፣ ጨዋታቸውን በኢንተርኔት በቀጥታ በማሳየት የሚያገኙትን ገቢ፣ የማስተማርና የመጋበዝ ክፍያን ነው። መስኖውም ቢሆን ይደርቃል፤ ማድ ካትዝ ራሱ እ.አ.አ በ2017 ከስሯል።

ዕድሜስ? በብዙ ስፖርቶች 30 ዓመት የማሽቆልቆያ ደጃፍ ነው። በፍልሚያ ጌም ግን የእጅ ፍጥነት ቢቀንስም የግምት ችሎታና ልምድ ይክሳል። በቻይናዋ ሃንግዡ በተካሄደው የእስያ ጨዋታዎች እ.አ.አ በ2023 በስትሪት ፋይተር የወርቅ ሜዳሊያ ያጠለቀው ደቡብ ኮሪያዊው ኪም ግዋንዉ የ44 ዓመት ሰው ነበር። ስለዚህ “አሁን ካልጀመርኩ ዕድሜዬ ያልፋል” ብሎ ትምህርት የሚያቋርጥ ወጣት ምክንያቱ ውኃ አያነሳም።

ሀብታም ካልሆነ አገር መነሳት ይቻላል ወይ ለሚለው ጥያቄ ምላሹ ከፓኪስታን ይገኛል። የላሆር ከተማው አርስላን አሽ እ.አ.አ በ2019 ወደ ጃፓን ሲሄድ ከቪዛና ከጉዞ ችግር ጋር ታግሎ ነው የደረሰው። ሆኖም በፉኩኦካ በተካሄደው ኢቮ ጃፓን በቴከን ጌም አሸነፈ፤ በዚያው ዓመት በላስ ቬጋስ የተካሄደውን ዋናውን ኢቮም ደገመ። ከድሉ በኋላ በአገሩ ሌሎች ጠንካራ ተጫዋቾች እንዳሉ ተናገረ፤ እነርሱም በኋላ በዓለም መድረክ ታይተዋል። ያሳደጋቸው በአንድ ከተማ ተሰባስበው፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው በየዕለቱ መፎካከራቸው ነው። በኢንተርኔት የሚደረግ ግጥሚያ ርቀቱ ሲበዛና መስመሩ ሲዳከም ስለሚዘገይ፣ ከሰከንድ ስድሳኛ ክፍልፋይ ጋር ለሚታገል ተጫዋች ፊት ለፊት የሚገጥመው ጎበዝ ባላጋራ ትልቅ ሀብት ነው።

ይህ ሁሉ ሲታይ የወላጅም ስጋት የልጅም ሕልም መሠረት አላቸው። ፕሌይስቴሽን ቤት የሚውል ልጅ ሁሉ ሰነፍ አይደለም፤ ባለሙያም አይደለም። ልዩነቱን ለማወቅ መጠየቅ ይቻላል፦ ሲሸነፍ ለምን እንደተሸነፈ ማስረዳት ይችላል? ትናንት ያልቻለውን ዛሬ ችሏል? የሚጫወትበት ገንዘብ ከስንቁና ከደብተሩ የተቀነሰ ነው ወይስ በራሱ ላብ የተገኘ? ለሦስቱም መልስ ያለው ልጅ ጌሙን እንደ ሥራ ይዞታል ማለት ነው፤ ወላጅም ቁጭ ብሎ ሊያነጋግረው ይገባል። መልስ የሌለው ግን ጊዜውን እያሳለፈ ነው።

ዳይጎ እ.አ.አ በ2015 በካፕኮም ዋንጫ ሁለተኛ ወጥቶ ያገኘውን 60 ሺህ ዶላር ለኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የጌም ትምህርት ማዕከል፣ ለተማሪዎች ነጻ የትምህርት ዕድል እንዲውል ለግሷል። ከሁሉም በላይ ከታሪኩ ሊወሰድ የሚገባው ጌሙ ሊያኖረው ባልቻለባቸው ዓመታት ያደረገው ነው። በዓለም የታወቀ ስም ይዞ ሳለ የአረጋውያን መንከባከቢያ ሠራተኛ ለመሆን አላፈረም። ጨዋታው እንጀራ የሚሆንበት ጊዜ እስኪመጣ በሌላ ሥራ እንጀራውን እየበላ ቆየ፤ ጊዜው ሲመጣም ተመልሶ ያሸነፈው ከዚያ ሥራ ተነስቶ ነው።