ትንቢቱን ከዘንዱ ለዩ!

ዛሬ ሰንበት ትምህርት ቤት ግዕዝ ሳስተምር አንዷ ተማሪ በቴሌግራም የሚዘዋወር የእርባታ ሰንጠረዥ በስልኳ አሳየችኝ። «ቀደሰ» ሥር፣ የአሁን ጊዜ ተብሎ «ይቀድስ» ተጽፏል። ደሜ ፈላ! ልጆቹ ይህን እየሸመደዱ ነው።

1. «ይቀድስ» ዘንድ ነው፤ ይቀድስ ዘንድ፣ ይቀድስ እንደ ማለት። ትንቢቱ፣ ማለትም የአሁኑና የወደፊቱ፣ «ይቄድስ» ነው። ከአማርኛው «ይቀድሳል» ጫፉን ቆርጦ ግዕዝ ነው ማለት አይቻልም።

2. እንደ «ቀተለ» የሚረባ፣ በጉሮሮ ፊደል የሚነሣ ግስ ትንቢቱ በ«የ» ይጀምራል፦ የአምን፣ የሐንጽ፣ የዐቅብ። ዘንዱ ይእመን፣ ይሕንጽ፣ ይዕቀብ። ሰንጠረዡ «ይአምን» ይላል።

3. ጥብቀት። እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። «ባረከ» ትንቢቱም ይባርክ፣ ዘንዱም ይባርክ ነው፤ በጽሕፈት አንድ ናቸው። የሚለያቸው «ር» ብቻ ነው፤ በትንቢት ይጠብቃል፣ በዘንድ ይላላል። ሰንጠረዡ ሁለቱን ያለ ምንም ምልክት ጎን ለጎን አስቀምጧቸዋል። ታዲያ ተማሪው በምን ይለያቸው? «ይቀትል»ንም «ት»ን አላልተው የሚያነቡ ልጆች እየበዙ ነው።

ጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ ለማስመስከር የሚኬደው ለምን ይመስላችኋል? እዚያ ቃሉ ከመምህር አፍ ይወሰዳል፤ የሚላላውን ያጠበቀ ተማሪ በዜማው መካከል ይታረማል። በቅኔ ቤትም ግሱና እርባታው በቃል ነው የሚጠናው። ጆሮ ያልገራው ተማሪ በወረቀት ብቻ የሚማር ከሆነ ወረቀቱ ጥብቀቱን ማሳየት ግዴታው ነው።

አሳታሚዎችስ? የግዕዝ መማሪያ እያሉ ሽፋኑን በወርቅ ቀለም ያሳምራሉ፤ ውስጡ አንድ የጥብቀት ምልክት የለም። ስትጠይቋቸው «ኮምፒውተሩ አይጽፈውም» ይላሉ። ከፊደል ራስ ላይ የሚቀመጠው ሁለት ነጥብ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ ይኸው፦ ይባር፟ክ። አራሚ ሊቅ ቀጥሮ መክፈል ስላልፈለጉ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለም! የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ በ1948 ዓ.ም. ታትሟል። እሱን እንኳ ገልጦ ያላየ ሰው ሰንጠረዥ ባያዘጋጅ ምናለበት?

ወደ ሰንጠረዡ ልመለስ፤ ሖረን ደግሞ «ይሐውር» ይለዋል። የሐውር ነው፤ ዘንዱ ይሑር። ቆመ፣ ይቀውም፣ ይቁም። ብህለ፣ ይብል፣ ይበል። ያንን ሰንጠረዥ ያጋራችሁ ዛሬውኑ አጥፉት፤ ለላካችሁላቸውም ይህን ላኩላቸው።